ዋይትፊሽ ወይስ ትራውት? በበረዶ ለተዘጋ የተራራ ሐይቅ የምርጫ መመሪያ

በበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መሰርሰሪያ ነው፦ የእጅ ይሻላል ወይስ ባለ ባትሪ? ቀጥሎ ስለ ድንኳን፣ ቀጥሎ ስለ ሶናር (በድምፅ ሞገድ ውሃው ውስጥ ያለውን ዓሣ በስክሪን ስለሚያሳየው መሣሪያ)። እኔ ግን ከውሃው ሥር መጀመር እመርጣለሁ። በአንድ የተራራ ሐይቅ ውስጥ ዋይትፊሽና ትራውት የሚባሉት ዓሦች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ዘመዳሞችም ናቸው፤ ሁለቱም ሳልሞን ከሚመደብበት ቤተሰብ ሲሆኑ፣ ከጀርባቸው ወደ ጭራው ጠጋ ብላ የምትታየውን ትንሽ ሥጋማ ክንፍ ሁለቱም ይዘዋታል። አበላላቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ አጎንብሶ ከወለል የሚለቅም፣ ሌላው አባርሮ የሚበላ። የጉድጓዱ ስፋት፣ የክሩ ውፍረት፣ የምትቀመጡበት ቦታ፣ የእጃችሁ እንቅስቃሴ ሳይቀር የሚወሰነው በዚህ ልዩነት ነው። ስለዚህ ዓሣውን ምረጡ፤ ዕቃው ይከተላል።

አንድ የቃል ነገር አስቀድሜ ላጥራ። ከሰማይ የሚወርደውንም በእግር የሚረገጠውንም «በረዶ» ማለት ለምዶብናል። ሐይቅ ላይ ግን ሁለቱን አለመለየት አደጋ አለው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ በረዶ የምለው የረጋውን ውሃ ነው፤ በላዩ የሚከመረውን ነጭ ብናኝ አመዳይ እለዋለሁ።

ለቃሚውና አባራሪው

የዋይትፊሽ አፍ ትንሽ ነው፤ ያውም ከአፍንጫው ሥር ወደ ታች የዞረ። አፉን ያየ ሰው ኑሮውን ለመገመት አይቸገርም። የሐይቁን ወለል እየዳሰሰ የነፍሳት እጭ፣ ቀንድ አውጣ፣ ጥቃቅን ባለ ዛጎል ፍጥረታትና ደቃቅ ሽሪምፕ ይበላል። የሚጓዘው በመንጋ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይነካችሁ ቆይቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት አራት ሊያዝላችሁ ይችላል፤ ከዚያ መንጋው ያልፍና እንደገና ጭር ይላል። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል፤ ምግብ በሚያጥርባቸው ከፍተኛ ሐይቆች ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

«ትራውት» የሚለው ስም ብዙ ዓሣ ያቀፈ ስለሆነ ለዚህ ምርጫ ሲባል ለሁለት ልክፈለው። የመጀመሪያዎቹን የዳር ትራውት ልበላቸው፦ ሬይንቦው፣ ብራውን፣ ከትስሮትና ብሩክ ትራውት። እነዚህ በረዶው ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሜትር በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ዳር ዳሩን እየዞሩ ያድናሉ። ሁለተኛው ሌክ ትራውት ነው፦ ጥልቅ ውሃ የሚወድ፣ ሌሎች ዓሦችን የሚበላ፣ በዝግታ የሚያድግ። ከ20 ዓመት በላይ መኖር ለእሱ ብርቅ አይደለም። ጭራው እንደ መንታ መንገድ የተሰነጠቀ ነው፤ በጠቆረ ገላው ላይ ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት። ሬይንቦው ተቃራኒው ነው፤ በፈዛዛ ገላ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ሮዝ መስመር። ይህን መለየት ለወግ ብቻ አይደለም፤ የሚፈቀደው ቁጥርና መጠን ብዙ ቦታ ላይ በዓሣው ዓይነት ይለያያል።

ሁለቱን ወገኖች አብረው ማየት ለሚፈልግ በአሜሪካ በዩታና በአይዳሆ ግዛቶች ድንበር ላይ የተኛው ቤር ሌክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ የዋይትፊሽ ዝርያዎች አሉት፤ ከትስሮትና ሌክ ትራውትም ይጠመድበታል። ችግሩ በየዓመቱ አለመርጋቱ ነው። ጥልቅ ሐይቅ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ብቻ በረዶ ይኖረዋል ብላችሁ ጓዛችሁን ጭናችሁ እንዳትሄዱ።

በአንድ ሐይቅ ውስጥ የትኛው ወገን እንደሚበረታ የሚወስነው ደግሞ ምግቡ ነው። በሞንታና የሚገኘው ፍላትሄድ ሐይቅ ታሪኩ አስገራሚ ነው። ላይኛው ተፋሰስ ባሉ ሐይቆች ሰዎች የጨመሯት ሚሲስ የተባለች ትንሽ ሽሪምፕ እየወረደች እ.ኤ.አ. በ1981 ፍላትሄድ ውስጥ ተገኘች። ቀን ቀን ወለል ላይ የምትውል ፍጥረት ናት። ወለል የሚያስሱት ሌክ ትራውትና ዋይትፊሽ ጠገቡባት፤ ቀድሞ ሐይቁን ሞልቶ የነበረው ኮካኒ ሳልሞን ግን የ1980ዎቹ ዓመታት ሳያልቁ ተንኮታኮተ። ወደማታውቁት ሐይቅ ስትሄዱ «ትልቁ ዓሣ ስንት ኪሎ ነው?» ከማለት በፊት «ዓሦቹ ምን ይበላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የማባበያችሁን መጠን ይነግራችኋል።

መቼ ነው የምትሄዱት?

ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ በረዶው ሥር ያለው ውሃ ወደ ዜሮ ሲጠጋ፣ ወለሉ ላይ ያለው 4 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ በብርዱ ወራት የሐይቁ «ሙቅ» ክፍል ታችኛው ነው ማለት ነው። በሙቀቱ ወራት ሌክ ትራውት ከሞቀው የላይኛው ውሃ ሸሽቶ ታች ይታጎራል፤ በበረዶው ወቅት ግን ከላይ እስከ ታች ሁሉም ስለሚስማማው አጥር የለበትም። ዛሬ 5 ሜትር፣ ነገ 30 ሜትር ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። በዚህ ወቅት እሱን መፈለግ አድካሚ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በረዶው እንደረጋ ያሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት የዳር ትራውት ጊዜ ናቸው። ውሃው ገና ኦክስጅን አልጎደለውም፣ የውሃ ውስጥ ሣሩም አልሞተም፣ ትራውቱ እንደ ልቡ ዳር ዳሩን ይዞራል። ዋይትፊሽም ብርዱ ሊገባ ሲል ድንጋያማ ጥልቀት አልባ ቦታዎች ላይ እንቁላሉን ስለሚጥል፣ ሐይቁ በተዘጋ ሰሞን ከዚያ ብዙም አይርቅም።

አመዳዩ ሲከመር ነገሩ ይገለበጣል። ብርሃን ይቀራል፣ ሣሩ ይበሰብሳል፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የዳር ትራውት ይደነዝዛል ወይም ይርቃል። የወቅቱ አጋማሽ ላይ ማንን ልሂድበት ካላችሁኝ ሳላመነታ ዋይትፊሽ እላለሁ። የሐይቁ ቁልቁለት ወደ ጥልቁ ሜዳ በሚገባበት ጠርዝ፣ ከ10 እስከ 25 ሜትር ባለ ውሃ ላይ፣ መንጋው መመላለሱን አያቆምም።

ማብቂያው ላይ፣ የሚቀልጠው ውሃ ምግብና ኦክስጅን ይዞ ወደ ሐይቁ ሲገባ፣ ትራውቱ ወደ ዳር ይመለሳል። ወንዝ የሚገባበት አፍ ዓሣ የሚሰበሰብበት ቦታ የሚሆነው ያኔ ነው። በረዶው ከሁሉም ቀድሞ የሚሳሳውም እዚያው ነው። ለዚህ ምርጫ የኔ መልስ አጭር ነው፦ ይቅርባችሁ።

በእጅ ማነቃነቅ ወይስ ባለ ባንዲራ ማጥመጃ?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አጭር ዘንግ ይዞ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ ማባበያውን እያነሱ መጣል ነው። ሁለተኛው ጉድጓዱ ላይ ተጋድሞ የሚቀመጥ ማጥመጃ ሲሆን፣ ዓሣው ምግቡን ይዞ ሲሄድ የታጠፈች ባንዲራ ቀጥ ትላለች፤ እናንተም ከተቀመጣችሁበት ተነስታችሁ ትሮጣላችሁ። (ሩጫው ከሚያስደስቱኝ ነገሮች አንዱ ነው፤ ግማሹ ባንዲራ የሚነሳው በነፋስ ቢሆንም።)

ለዋይትፊሽ ባለ ባንዲራውን እርሱት ባልል እንኳ ዋነኛ መሣሪያ አታድርጉት። ንክሻው ለስላሳ ነው፤ ቀምሶ ይተፋል፤ ባንዲራው ጋ እስክትደርሱ ሄዷል። እሱን የሚይዘው እጅ ነው። ከ7 እስከ 10 ግራም የምትመዝን ማንኪያ መሰል ብረት እስከ ወለል አውርዱ፤ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጋችሁ ጭቃውን ብን አስደርጉት። ለለቃሚ ዓሣ የጭቃ ብናኝ ማለት ሌላው ምግብ አግኝቷል ማለት ነው። ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል አንሱና ዝም በሉ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ዝምታውን አይችልበትም። ከማንኪያዋ 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እጭ የምትመስል ትንሽ መንጠቆ እሰሩ፤ ትልቋ ትጣራለች፣ ትንሿ ትይዛለች።

ንክሻው ሁልጊዜ ወደ ታች አይስብም። ዋይትፊሹ ምግቡን ከወለል አንስቶ ቀና ሲል የክሩ ክብደት በድንገት ይጠፋል፣ ዘንጉም ላላ ይላል። እኔ በመጀመሪያው ወቅቴ ይህን ላላ ማለት «ወለሉ ነክቶ ነው» እያልኩ ስንቱን እንዳሳለፍኩት እንጃ። በዘንጉ ጫፍ ላይ የምትታሰር ቀጭን የስፕሪንግ ጠቋሚ ለዚህ የተሠራች ናት፤ ዋጋዋ ትንሽ፣ ጥቅሟ ትልቅ።

የዳር ትራውት የባለ ባንዲራው ደንበኛ ነው። ዳር ዳሩን ስለሚዞር መንገዱ ላይ ሁለት ሦስት ጉድጓድ በተለያየ ጥልቀት ከፍቶ መጠበቅ ያዋጣል። ምግቡን ከበረዶው ሥር አንድ ሜትር ወይም አንድ ተኩል ላይ አንጠልጥሉት፤ ወለል ላይ ከጣላችሁት ብዙ ጊዜ ከበላዩ ያልፋል። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የእግር ኮቴ ስለሚሰማ ጉድጓዶቹን ቀድማችሁ ሰርስራችሁ ጨርሱና እረፉ። ሕያው ትናንሽ ዓሦችን መንጠቆ ላይ ማድረግ በብዙ ቦታ የተከለከለ ነው፤ አንድ ሰው የሚፈቀድለት የዘንግና የጉድጓድ ቁጥርም የተወሰነ ነው። ሕጉን ሳታነቡ አትውጡ።

ሌክ ትራውት ሌላ ጨዋታ ነው። ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ነጭ ቱቦ መሰል የፕላስቲክ ማባበያ፣ ከ15 እስከ 30 ግራም በሚደርስ ክብደት፣ ወለል ድረስ ይወርዳል። ዓሣው ሲጠጋ የሰው ደመ ነፍስ ማባበያውን ማቆም ነው፤ ትክክሉ ግን ማሸሽ ነው። ጠቅልሉ፣ ፈጥናችሁ ጠቅልሉ፤ የሚሸሽ ነገር ካየ ይከተላል። ከ25 ሜትር ተነስቶ እስከ በረዶው ሥር ተከትሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ሶናር ላላችሁ ይህ በስክሪን ላይ ሁለት መስመር ሲሽቀዳደም ማየት ነው። ያለ ሶናርም ሌክ ትራውት ይያዛል፤ ዕድል ግን ይበዛበታል። ለዋይትፊሽ ሶናር የሚጠቅመው መንጋው መድረሱን ለማወቅ ነው፤ ለዳር ትራውት ደግሞ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ክርና ፍሬን

የዋይትፊሽ አፍ ስስ ነው፤ በኃይል ከጎተታችሁት ይቀደዳል። ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚችል ፍሎሮካርቦን የተባለ የፕላስቲክ ክር፣ ለስላሳ ዘንግ፣ ላላ ያለ ፍሬን (ዓሣው ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀው የመጠቅለያው ክፍል) ይበቃዋል። አብዛኛው የሚያመልጠው ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው፦ ጭንቅላቱ ብቅ ይላል፣ ሰው ይቸኩላል፣ መንጠቆው ይወልቃል።

ለሌክ ትራውት ከ5 እስከ 7 ኪሎ የሚችል የተጎነጎነ ክር እመርጣለሁ፤ ጫፉ ላይ አንድ ሁለት ሜትር ፍሎሮካርቦን ይቀጠልበታል። የተጎነጎነው ስለማይለጠጥ 30 ሜትር ላይ ያለውን መንጠቆ በእጃችሁ ታዝዙታላችሁ፤ ናይለን እዚያ ጥልቀት ላይ እንደ ላስቲክ ይለጠጥና ምታችሁ ሳይደርስ ይቀራል። ጉድለቱ ውሃ መያዙ ነው፤ ውጭ ከተቀመጣችሁ ክሩ ዘንጉ ቀለበት ውስጥ በረዶ ሆኖ ይደርቃል። ለዳር ትራውት ግን ውሃው ስለማይጠልቅ ተራ ናይለን ምንም አይልም።

መሰርሰሪያው

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ለዋይትፊሽና ለአብዛኛው የዳር ትራውት 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ይበቃል። 20 ሴንቲ ሜትር ለሁሉም የሚሆን መካከለኛ ነው። ትልቅ ሌክ ትራውት ለሚመኝ 25። ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ይመስላሉ፤ ሥራው ግን አይቀራረብም። የ20ው ጉድጓድ ከ15ቱ በ1.8 እጥፍ፣ የ25ቱ ደግሞ በ2.8 እጥፍ የሚበልጥ በረዶ ያስቆርጣል። 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላይ አሥር ጉድጓድ በእጅ ለመክፈት ካሰባችሁ ክንዳችሁ ሒሳቡን ያስረዳችኋል።

ሐይቁ ድረስ በእግር የምትወጡ ከሆነ የ15 ሴንቲ ሜትር የእጅ መሰርሰሪያ ይዛችሁ ሂዱ። ቀላል ነው፣ አይጠፋም፣ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ምላጩ ስለታም ከሆነ ከሚታሰበው በላይ ፈጣን ነው። ምላጩ ከደነዘዘ ግን ምንም አይረዳም።

ባለ ሞተር ከፈለጋችሁ ተራራ ላይ ባለ ባትሪውን ከባለ ቤንዚኑ አስቀድማለሁ። የቤንዚን ሞተር አየሩ እየሳሳ ሲሄድ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 2,400 ሜትር ላይ ሩብ ገደማ ሄደ ማለት ነው። ባትሪ ከፍታን አያውቅም፣ የሚጠላው ብርድን ነው፤ ሐይቁ ጋ እስክትደርሱ ካፖርታችሁ ውስጥ ደረታችሁ ላይ ያዙት። ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ አይደረግም፣ ይበላሻል።

ስለ ድንኳን ብዙ የምለው የለኝም። የዳር ትራውት የሚያጠምድ ከጉድጓድ ጉድጓድ ስለሚሯሯጥ ድንኳን ያስረዋል፤ ዋይትፊሽን አንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚጠብቅ ግን የቀኑን ርዝመት ይለውጠዋል። ምድጃ ካስገባችሁ የአየር መግቢያ ክፍት ይሁን፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። የጋዝ ጣሳ ስትመርጡ ቡቴን ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ እንደማይተን፣ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች እንደሚሠራ አስቡ።

በረዶው ይሸከማችኋል?

ጥርት ያለ፣ ጠቆር ያለ አዲስ በረዶ ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ለበረዶ ሞተር ሳይክል ከ13 እስከ 18፣ ለትንሽ መኪና ከ25 በላይ። ነጭና ድፍርስ በረዶ አመዳይ ያለበት ስለሆነ እነዚህን ቁጥሮች እጥፍ አድርጉ። ውፍረቱ አንድ ቦታ ተለክቶ አያልቅም፤ ከፊታችሁ ዲጂኖ የመሰለ ሹል ብረት ይዛችሁ እየወጋችሁ ተራመዱ፤ በአንድ ምት ከበሳ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ።

የተራራ ሐይቅ የራሱ ተንኮል አለው። ወንዝ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ምንጭ ከሥር የሚፈልቅበት ቦታ ስስ ነው። ከባድ አመዳይ በረዶውን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ እንዳይወፍር ያደርገዋል፤ ክብደቱም በረዶውን ወደ ታች ሲጫነው ውሃ ከስንጥቁ ወጥቶ በአመዳዩ ሥር ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ ይሠራል፤ ጫማችሁ ከረጠበ ቀኑ አበቃ። ወደ ሐይቁ ቁልቁል የተዘረጋ ገደል ካለ ደግሞ የአመዳይ ናዳ ሐይቁ ላይ ስለሚደርስ ከሥሩ አትቀመጡ። ጥሩው የሌክ ትራውት ጥልቅ ውሃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ገደል ሥር መሆኑ ያበሳጫል። በዚህ በኩል ዋይትፊሽ ይሻላል፤ የሚኖርበት ጠርዝ ከገደሉ ርቆም ይገኛል።

በአንገት የሚንጠለጠል ጥንድ ወስፌ ሳይዙ መውጣት የለም። ውሃ ውስጥ ከወደቃችሁ መጀመሪያ 1 ደቂቃ ትንፋሻችሁን ለመቆጣጠር፣ ቀጥሎ 10 ደቂቃ ያህል እጅና እግራችሁ ሳይደነዝዝ ለመውጣት፣ ራሳችሁን ከመሳታችሁ በፊት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ አላችሁ። ወስፌዎቹን ሰክታችሁ ወደ መጣችሁበት አቅጣጫ ራሳችሁን ጎትቱ፤ ስትወጡ አትቁሙ፣ ተንከባለሉ።

ከተያዘ በኋላ

ለመብላት የሚያጠምድ ሰው ምርጫው ቀላል ነው፦ ዋይትፊሽ። ሥጋው ነጭ፣ ቅባት ያለው፣ ሲጤስ የሚጣፍጥ፤ በመንጋ የሚኖር በመሆኑም የተፈቀደውን ቁጥር መውሰድ ሐይቁን እምብዛም አይጎዳም። መካከለኛ የዳር ትራውትም እንዲሁ። ትልቅ ሌክ ትራውት ግን ለዚያ መጠን ለመድረስ አሥርት ዓመታት የፈጀበት ሊሆን ስለሚችል እኔ እለቀዋለሁ።

የምትለቁትን ዓሣ በረዶው ላይ አታጋድሙት፤ በኃይለኛ ብርድ ዓይኑና ስንጥቡ በሰከንዶች ውስጥ ይረጋል። መንጠቆውን ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ገላው ውሃ ውስጥ እንዳለ ንቀሉለት። ከጥልቅ የመጣ ዓሣ ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ተነፍቶ ይሞታል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ለአንዳንድ ዓሦች እውነት ነው። ትራውትና ዋይትፊሽ ግን የአየር ከረጢታቸው ከጉሮሯቸው ጋር ስለሚገናኝ እየወጡ ሳሉ አየሩን ይተፋሉ። ከ30 ሜትር ሌክ ትራውት በዝግታ ስትጎትቱ ጉድጓዱ ውስጥ መጀመሪያ ብቅ የሚለው አረፋ ነው፤ ጭንቅላቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።